የሣራ ማስ የድርሰት ሥራና የእኛ ንባብ

(በማኅበራችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የዛሬው ንግግር ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ስሙን ያልገለጠ ጓደኛችን ከርእሱ ሥር በቀይ ቀለም «ተረት ተረት» ብሎ ጻፈበት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላው መጣና «የላም በረት» ሲል መለሰለት። ማስታወቂያውን ልናነሣው አስበን ነበር፤ ኋላ ግን ተውነው። በቀልዱ ውስጥ እውነተኛ ጥያቄ አለበትና ነው። ይኸውም በዩኒቬርሲቲ ደረጃ የሚገኝ ተማሪ፥ ለፈተና የሚያነበው ሳይጠፋ፥ ስለ ጠንቋይና ስለ ዘንዶ፥ ስለ ፍቅርና ስለ ሰይፍ የሚተርክ መጽሐፍ ታቅፎ ሲያድር ምን ሊባል ነው? የሚል ነው።

ጥያቄው ለጨዋታ ብቻ የቀረበ አይደለም። እንደምታውቁት ለክበባችን መደርደሪያ በስጦታ ከመጡት መጻሕፍት መካከል ዐሥራ አንዱ የአንዲት አሜሪካዊት ደራሲ፥ የሣራ ጄ. ማስ ናቸው። በመደርደሪያው ላይ ይቀመጡ ወይስ ይመለሱ በሚለው ነገር ኮሚቴው በሚመጣው ሳምንት ድምፅ ይሰጣል። ገሚሶቹ «ለዩኒቬርሲቲ ክብር አይገባም» ይላሉ፤ ገሚሶቹ «ዋናው ማንበቡ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች፥ እንደ ሰማነው ከሆነ፥ አብዛኛዎቹን መጻሕፍት አልገለጧቸውም። ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ተማሪዎች ነን። ሦስታችንም አንብበናል፤ ነገር ግን በሁሉም አልተስማማንም፤ ያልተስማማንበትንም አንሸሽግም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የመጻሕፍቱን ርእስ ወደ አማርኛ የመለስነውም እኛው ነን፤ እንግሊዝኛው «ኮርት» ያለውን «ግቢ» ብለነዋል፤ በአገራችን ንጉሡ የሚኖርበት ቅጥር ግቢ ይባል ስለ ነበረ ነው። የተሻለ ቃል ያለው ቢያርመን ደስ ይለናል።

ሣራ ማስ የተወለደችው መጋቢት መጀመሪያ ላይ፥ በ1986 ዓ. ም. በኒው ዮርክ ከተማ ነው። ኋላ አሳታሚዋ የሆነው ብሉምስበሪ የሚባለው የለንደን ድርጅትም የተመሠረተው በዚያው ዓመት መሆኑ የሚገርም አጋጣሚ ነው። ጽሑፍ የጀመረችው በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሲንደሬላ የምትባለውን የእንጀራ ልጅ ተረት በፊልም ካዩ ሰዎች መካከል፥ ልጅቱ በእኩለ ሌሊት ከቤተ መንግሥት እየሮጠች ስትወጣ የሚሰማውን ሙዚቃ ልብ ያለ ብዙ የለም። እሷ ግን ልብ አለችው። ሙዚቃው የጫማ መጥፋትን ብቻ ሳይሆን ከዚያ የከፋ ነገርን የሚያጅብ መሰላት። እንግዲያስ ይህች ልጅ ወደ ግብዣው የሄደችው ልዑሉን ልታገባ ሳይሆን ልትገድለው ቢሆንስ? ብላ ራሷን ጠየቀች። ከዚህች አንዲት ጥያቄ ስምንት መጻሕፍት ተወለዱ።

ነገር ግን ወዲያው አልተወለዱም፤ እኛም ልናሳስብ የምንፈልገው ይህንን ነው። የጻፈችውን ምዕራፍ በምዕራፍ ፊክሽንፕሬስ በሚባለው የኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ ታወጣው ጀመር። ዲከንስ ልብ ወለዶቹን በየወሩ እየከፋፈለ ሲያወጣ አንባቢው የሚቀጥለውን ክፍል ይጠብቅ እንደ ነበረ፥ የእሷም አንባቢዎች፥ አብዛኛዎቹ የዕድሜ እኩዮቿ፥ ተራ ገብተው ይጠብቁ ነበር፤ ደስ ያላቸውንና ያላላቸውንም ይጽፉላት ነበር። በዚህ ዐይነት በነጻ እየጻፈች ሃሚልተን ኮሌጅ ገባች፤ የፈጠራ ድርሰት ዋና ትምህርቷ፥ የሃይማኖቶች ጥናትም ሁለተኛ ትምህርቷ ነበር፤ በ2008 ተመረቀች። በዚያው ዓመት ታሪኩን ከኢንተርኔት አወረደችው። ብዙ አንባቢ ያለውን ጽሑፍ በገዛ እጅ ማንሣት ቀላል አይመስለንም። ከዚያ በኋላ መላልሳ ጻፈችው። ብሉምስበሪ የተቀበላት በ2010 ነው፤ «የመስተዋት ዙፋን» በሚል ርእስ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በነሐሴ 2012 ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እስከ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ሄዷል። ደራሲዋን «እንደ ዳቦ ጋጋሪ በየማለዳው ታወጣለች» እያለ የሚቀልድባት ሰው ይህን ዐሥር ዓመት ቢቈጥርላት መልካም ነው።

እርግጥ ነው፥ ከዚያ ወዲህ ያለው ፍጥነት ያስደነግጣል። ከ2014 እስከ 2017 ባለው ጊዜ በየዓመቱ ሁለት ሁለት መጽሐፍ አወጣች። በ2018 ደግሞ ሦስት፤ የመጨረሻውም «የአመድ መንግሥት» የተባለው፥ አንድ ሺሕ ገጽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በ2019 ምንም አላወጣችም፤ አንባቢዎቿ ያን ዓመት እንደ ድርቅ ዘመን ያስታውሱታል። ከ2012 እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ ስንቈጥር በድምሩ ዐሥራ ሰባት መጽሐፍ እናገኛለን፤ የመስተዋት ዙፋን ተከታታይ ስምንት (አንዱ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ነው)፥ የግቢዎቹ ተከታታይ አምስት፥ ክሬሰንት ሲቲ የሚባለው ሦስት፥ አንድ ደግሞ ድመቲቱ ሴት ስለምትባለው የሥዕል ታሪክ ጀግና በትእዛዝ የተጻፈ። ይህን የመጨረሻውን ከሦስታችን ያነበበው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ሌሎቻችሁ ጊዜያችሁን አታባክኑ ብሎናል።

ብዙ መጻፏ በራሱ አላስደነቀን፤ አላስቈጣንምም። ጥያቄው ብዙ መጻፏ ምን እንድታደርግ አስቻላት? የሚለው ነው። አንድ ምሳሌ እንስጥ፤ «የንጋት ግንብ» የሚባለው በመጀመሪያ አጭር ታሪክ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በጦርነት ወገቡ ተጐድቶ እግሮቹ የማይታዘዙለት አንድ የዘበኞች አለቃ ወደ ሩቅ አገር ሐኪሞች ዘንድ ይሄዳል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሰውዬው ግን በእጇ ላይ አደገና ሙሉ መጽሐፍ ሆነ። ዋናዋ ጀግና በሌለችበት፥ አንባቢውም የእሷን ነገር ለማወቅ በሚቸኵልበት ሰዓት፥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ስለ ተቀመጠ ሰው ቍጣና ኀፍረት ይህን ያህል ገጽ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ እሱም «የእሾህና የጽጌረዳ ግቢ» የሚባለው በ2015 የወጣው መጽሐፍና ተከታዩ ነው።

ታሪኩ በክረምት ጫካ ውስጥ ይጀምራል። ፌይራ የምትባል የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ርኃብ ላይ ላለ ቤተ ሰቧ አውሬ ልታድን ወጥታለች። አባቷ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር፤ መርከቦቹ ጠፍተው፥ ባለ ዕዳዎቹ እግሩን ሰብረውት፥ ቤት ውሎ ቀርቷል። ሁለት ታላላቅ እኅቶች አሏት፤ እነሱ እንጨት እንኳ አይፈልጡም። ልጅቱ አንድ ትልቅ ተኵላ ትገድላለች፤ ተኵላው ግን ተኵላ አልነበረም። ከግንቡ ወዲያ ማዶ ከሚኖሩት፥ መልካቸው የሰው፥ ዕድሜያቸው ግን ማለቂያ የሌለው፥ ፌይ ከሚባሉት ፍጡራን አንዱ ነበረ። (ዛርም ጂኒም አይደሉም፤ የአየርላንድና የእንግሊዝ ባላገሮች ከጥንት ጀምሮ የሚያወሩላቸው ናቸው።) በደሙ ምክንያት አንድ አውሬ መጥቶ ይወስዳታል፤ አውሬውም የጸደይ ግቢ ጌታ፥ ታምሊን የሚባል መልከ መልካም ሰው ሆኖ ይገኛል። የውቢቱንና የአውሬውን ተረት የሚያውቅ ሰው እስከዚህ ድረስ መንገዱን ያውቀዋል።

ነገር ግን ይህች ጀግና ማንበብ አትችልም። በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር አንባቢ የያዘው መጽሐፍ ጀግናዋ ፊደል ያልቈጠረች ናት! ቤተ ሰቧ በደኸየ ጊዜ ልጅ ስለ ነበረች የሚያስተምራት አልተገኘም። በታምሊን ግቢ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ለቤተ ሰቧ ደብዳቤ ልትጽፍ ትሻና ተደብቃ ከቃላት ጋር ትታገላለች። ልርዳሽ ሲላት ታፍራለች፤ እምቢ ትላለች። ይህን ስናነብ ጥቃቅን ነገር መስሎን ነበር። ኋላ ግን ጀግናዋ በክፉይቱ ንግሥት ፊት ሦስት ፈተና ትፈተናለች፤ ሁለተኛው ፈተና በግድግዳ ላይ የተጻፈ እንቈቅልሽ ነው። መልሱን ዐውቃ ከሦስቱ እጀታዎች ትክክለኛውን ካልሳበች ከላይ የሚወርደው ሾህ የበዛበት የጋለ ብረት እሷንና ጓደኛዋን ይፈጫቸዋል። እንቈቅልሹ ከባድ አልነበረም። እሷ ግን ማንበብ አትችልም። ሕዝቡም ቆሞ ይስቃል።

በተረት ውስጥ ጀግና በዘንዶ ይሸነፋል፥ በመርዝ ይሸነፋል፥ በክሕደት ይሸነፋል። በፊደል የተሸነፈ ጀግና ግን ከዚህ በፊት አላየንም። ያዳናትም ሌላው ጌታ፥ የሌሊት ግቢው ራይሳንድ ነው፤ ከእሱ ጋር በገባችው ውል ምክንያት በመዳፏ ላይ ባለው ንቅሳት ሕመም እየላከ የቱን እጀታ እንድትስብ መራት።

ሁለተኛው መጽሐፍ «የጉምና የቍጣ ግቢ» በ2016 ወጣ። እዚህ ላይ የደራሲዋ ድፍረት ይታያል። በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ፍቅር አሸንፏል፥ እርግማኑ ተፈትቷል፥ ሠርግ ይጠበቃል። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር፤ ወይም አዲስ ጠላት ያመጣ ነበር። እሷ ግን የገዛ ራሷን ተረት መልሳ ፈታችው። ጀግናዋ ያየችውን ግፍ መርሳት አቅቷት በየሌሊቱ ታስመልሳለች፥ ትከሳለች፤ ታምሊን አጠገቧ ተኝቶ ይሰማል፥ ያልሰማ ይመስላል። ይወዳታል፤ መውደዱን አንክድም። ስለሚወዳት ከቤት እንዳትወጣ ይከለክላታል፤ በመጨረሻም በቤቱ ውስጥ ቈልፎባት ይሄዳል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ለእኛ ለአንባቢዎቹ የጥበቃና የጀግንነት ምልክት መስሎ የታየን ሁሉ፥ በሁለተኛው የእስር ቤት ግንብ ሆኖ ይታያል። ተመልሰን የመጀመሪያውን ስናነብ ምልክቱ ሁሉ እዚያው ነበረ፤ ያላየነው እኛ ነን። ከሦስታችን አንዷ ይህን ምዕራፍ ካነበበች በኋላ ለሁለት ቀን ዝም ብላ እንደ ነበረ፥ ምክንያቱን ግን እንደማትነግረን ገልጣልናለች፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ፌይራም ወደ ሌሊት ግቢ ትሄዳለች፤ ራይሳንድም ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ ያስተምራታል። የማስተማሪያ ዘዴው ደግሞ የሚያስቅ ነው፤ እንድትገለብጣቸው የሚሰጣት ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ የራሱን ቁንጅናና ብልኀት የሚያሞግሱ ናቸው። ከሦስታችን አንዱ በዕረፍት ጊዜ አገሩ በገባ ጊዜ ይህን ክፍል ለእናቱ በአማርኛ እየመለሰ ተረከላቸው። እናቱ ፊደል አልቈጠሩም። ሰምተው ከጨረሱ በኋላ «ሰውዬው ሞኝ አይደለም፤ ተናድዳ ትማራለች» አሉት። በመጽሐፉ ላይ ካነበብነው ትችት ሁሉ ይህን ያህል ልክ የሆነ አላገኘንም።

እስከዚህ ያለው ምስጋና ነው። አሁን ደግሞ ያስቀየመንን እንናገር፤ በእኛ በአፍሪካውያን በኩል ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባ ነውና።

በመስተዋት ዙፋን ውስጥ ኔሄሚያ የምትባል ልዕልት አለች። አገሯ ኤልዌ በደቡብ ያለች፥ በሰሜኑ ንጉሥ የተወረረች አገር ናት፤ ሕዝቧም በባርነት ተይዞ በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ይሠራል። ጠይም ናት። ወደ ወራሪው ቤተ መንግሥት ስትመጣ ቋንቋቸውን በቅጡ የማታውቅ መስላ ትቀርባለች፤ በእውነቱ ግን አሳምራ ታውቃለች፤ የማታውቅ መምሰሏ በፊቷ ሳይጠነቀቁ እንዲናገሩ ነው። ይህን ስናነብ በደስታ ጠረጴዛ መታን። እንዲህ ያለውን ብልኀት የትኛው የተገዛ ሕዝብ አያውቀውም? የወርቃማ ፀጕሯ ጀግና የሴሌናም እውነተኛ ጓደኛዋ እሷ ናት። ስለዚህ ከሁሉ አብልጠን የወደድነው እሷን ነው።

በሁለተኛው መጽሐፍ፥ በ2013 በወጣው፥ ትገደላለች። የከፋው ግን መሞቷ ብቻ አይደለም፤ ጓደኛዋ ከፍርሃቷ ነቅታ ለትግል እንድትነሣ ስትል ሞቷን ዐውቃ የተቀበለችው መሆኗ ነው። የአንድ የተጨቈነ ሕዝብ ልዕልት፥ አእምሮዋ ከሁሉ የበለጠ፥ የተፈጠረችበት ሥራ የሌላዋን ልጅ ልብ መቀስቀስ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት መጻሕፍት ስሟ ይነሣል፥ ይለቀስላታል፤ ሕዝቧ ግን ነጻ ሲወጣ በዐይናችን ፊት አይደለም። ይህን ነገር ያነሣነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ በአሜሪካም ብዙ ጥቍር አንባቢዎች ከዓመታት በፊት ተናግረውታል።

በዚህ ነጥብ ላይ ሦስታችን ተከራክረናል። አንደኛው «ደራሲ የፈለገውን ይገድላል፤ በልብ ወለድ ውስጥ የመንግሥታት ማኅበር የለም» አለ። ሁለተኛዋ «ማንን እንደሚገድል ግን ይታያል» አለች። ሦስተኛው ደግሞ ደራሲዋ መጽሐፉን የጀመረችው በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነውና የልጅነት አሳብ ቀርቶበት ይሆናል አለ። ሁለተኛዋ መልሳ «ዐሥር ዓመት ስታርመው ኖራለች ብለን የለም እንዴ?» አለችው። ለዚህ መልስ አላገኘንለትም፤ ክርክሩም በዚሁ ቀረ።

ሌላውን ጕድለት ባጭሩ እንለፈው። ወንዶቹ ሁሉ ትከሻቸው ሰፊ፥ ዐይናቸው የሚያበራ፥ አምስት መቶ ዓመት የኖሩ ናቸው፤ አምስት መቶ ዓመት ኖረው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ካልሆነች በቀር የሚያነጋግሩት አጥተዋል። አንድ የወደደችው ቃል ካለ በየገጹ ይመለሳል። የክሬሰንት ሲቲ የመጀመሪያው መጽሐፍ፥ በ2020 የወጣው፥ መልአክም ተኵላም ተንቀሳቃሽ ስልክም በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉበት ነው፤ አሳቡ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሚደረደረው የስም ብዛት የሕግ ተማሪን እንኳ ያደክማል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሞተች ጓደኛ ኀዘን የሚተርከው ክፍል ይመጣል፤ እዚያ ለደረሰ ሰው ድካሙ ይረሳል።

አሁን ወደ መደርደሪያው ነገር እንመለስ። «እነዚህ መጻሕፍት ለልጆች የተጻፉ ናቸው» የሚል አለ፤ «ለልጆች የማይገቡ ናቸው» የሚልም አለ፤ ሁለቱንም በአንድ ሰው አፍ የሰማንበት ቀን አለ። ነገሩ የስያሜ ጣጣ ነው። አሜሪካውያን ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ላሉት «ወጣት ዐዋቂዎች» የሚል ስም ሰጥተው የራሳቸው መደርደሪያ አበጁላቸው፤ የአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት ማኅበርም በ1957 ለእነሱ የተለየ ክፍል አቋቋመ። የእሾህና የጽጌረዳ ግቢ በ2015 ሲወጣ የተቀመጠው በዚያ መደርደሪያ ነበር። ደራሲዋና አንባቢዎቿ ግን አብረው አደጉ፤ ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ የመኝታ ቤት ነገር ሳይሸፈን የተጻፈበት ገጽ ብዙ ነው። ይህን ለመምህራኖቻችን ስንል አንደብቀውም። በ2020 አሳታሚው ራሱ አዲስ ሽፋን አልብሶ ወደ ዐዋቂዎች መደርደሪያ አዛወራቸው።

ስያሜው ግን እንደ ጥላ ተከተላቸው። በ2022 በቨርጂኒያ ግዛት የጉምና የቍጣ ግቢ ጸያፍ ነው ተብሎ እንዲፈረድበት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በነሐሴ መጨረሻ ዳኛይቱ አቤቱታውን አልተቀበለችውም፤ የተጠቀሰውን ሕግም ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሆኖ አገኘችው። በዩታ ግዛት ግን ሌላ ሆነ። በ2024 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት የተወሰኑ ወረዳዎች አንድን መጽሐፍ ካወገዙ በግዛቱ ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሊያስወግዱት ይገደዳሉ። በነሐሴ ወር በወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ ዐሥራ ሦስት መጻሕፍት ነበሩ፤ ስድስቱ የሣራ ማስ ናቸው። የተቀሩትን ከጻፉት መካከል ማርጋሬት አትዉድና ጁዲ ብሉም ይገኛሉ። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ሰባት ደራስያን ስድስቱ ሴቶች ናቸው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ እያንዳንዱ ያስብበት፤ እኛ ቍጥሩን ብቻ አቅርበናል።

መታገዱ ገበያዋን አልጐዳውም፤ እንዲያውም ሌላ ነገር አስነሥቶት ነበር። ከ2020 በኋላ ወጣት አንባቢዎች በቲክቶክ እየቀረቡ፥ ያለቀሱበትን ገጽ እያሳዩ፥ የቈዩትን መጻሕፍት እንደ አዲስ አስነሥተው ሸጡላት። እስከ 2024 ድረስ የተሸጠው ከ38 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሆኗል። በየካቲት 2024 በተፈጸመው የሒሳብ ዓመት ብሉምስበሪ በጠቅላላው 342.7 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ፥ የእሷ መጻሕፍት ሽያጭ ብቻውን በ161 በመቶ አድጓል። ሃሪ ፖተርን ያሳተመ ድርጅት ለሁለተኛ ጊዜ በጠንቋይና በዘንዶ በለጸገ። የምጣኔ ሀብት ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ይህን ሲያይ «ባለ አክሲዮኖቹ በየማታው ለጤናዋ ይጸልዩላት ይሆናል» ብሏል።

እንግዲህ ለኮሚቴው የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። መጻሕፍቱ ይቀመጡ። ዐሥራ አንዱም ሁሉ። በዚህ ግቢ ውስጥ ያለን ሁላችን ለዐቅመ አዳምና ለዐቅመ ሔዋን የደረስን ነን፤ መምህሮቻችንም ሲያስፈልግ ይህንኑ ያስታውሱናል፤ በተለይም የቤት ሥራ በዘገየ ጊዜ። «ተረት ነው» ለሚለው ወንድማችን፥ አዎን ተረት ነው። ተረቱን ከነውሩ ጋር በአደባባይ መንቀፍ የምንችለው ግን መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ሲኖር እንጂ በትራስ ሥር ሲነበብ አይደለም። በኔሄሚያ ነገር የተከራከርነውን ክርክር በትራስ ሥር ልናደርገው አንችልም ነበር።

ከዚህ በተጨማሪ አንድ ነገር እንጠይቃለን። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በደብተር ልብ ወለድ እየጻፉ ለማንም ሳያሳዩ ሻንጣ ውስጥ የሚከትቱ ቢያንስ አራት ተማሪዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ አንዷ ከእኛ ከሦስታችን ናት። ይህ ጋዜጣችን በየዕትሙ ሁለት ገጽ ለተከታታይ ልብ ወለድ ቢሰጥ፥ አንባቢም በሚቀጥለው ሳምንት የመሰለውን ቢጽፍ፥ ማባዣው ከዚህ የበለጠ ቀለም አይበላም። ደራሲው ስሙን መግለጥ የማይፈልግ ከሆነ አይገደድም። ሦስታችን አንዳችን ለመጀመሪያው ዕትም የሚሆን ምዕራፍ እናቀርባለን ብለናል፤ ማን እንደሆነ ግን አንነግራችሁም።

በመጨረሻ የአስተዳደር ጕዳይ አለ። ከዐሥራ አንዱ መጻሕፍት አሁን በእጃችን ያሉት ዐሥሩ ናቸው። የጉምና የቍጣ ግቢ ባለፈው ወር ከጸሓፊው ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ እስካሁን አልተመለሰም። የወሰደው ሰው አንብቦ እንደ ጨረሰ፥ ማታ ማታ ከክበቡ በር ሥር ሊያስገባው ይችላል፤ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። ካልጨረሰ ግን ይጨርስ።